ከድንጋዩ ቀድሞ የሚያረጅ ጥገና

«እንደ ዓለት የጸና» ስንል የማይናወጠውንና ዘመን የማይሽረውን ነገር ማለታችን ነው። ድንጋይ በአነጋገራችን የዘላለማዊነት ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን በላስታ ምድር ከአንድ ወጥ ዓለት ተፈልፍለው ወደ ወጡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በክረምት ወራት ቀርቦ ግድግዳቸውን በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ ይረዳል። እርጥበት ግድግዳውን ያጠቁረዋል፤ የድንጋዩ ገጽ በአንዳንድ ቦታ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ስንጥቆች ከጣሪያ ወደ መስኮት ይወርዳሉ። ድንጋይም ይታመማል፤ ድንጋይም ያረጃል።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ግድግዳ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ በምን እንሙላው? ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት «ጠንካራ በሆነ ነገር፤ በሲሚንቶ!» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፈው ምዕተ ዓመት በዓለም ዙሪያ በርካታ ቅርሶችን ለጉዳት የዳረገው ይኸው ቅን የመሰለ መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥሩ ጥገና ከድንጋዩ የበረታ ሳይሆን በመጠኑ የደከመ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ አንጻር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ድንጋይ ውኃ ይጠጣል

ድንጋይ ለዓይን ድፍን መስሎ ቢታይም በውስጡ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቀዳዳዎች አሉት። መጠናቸው ግን ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል። ጥሩ እብነ በረድ ከጠቅላላ ይዘቱ ባዶ ቦታ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። በአንጻሩ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ አንዳንድ ቀላል ድንጋዮች 30 በመቶና ከዚያም በላይ የሚሆነው አካላቸው ባዶ ሊሆን ይችላል።

የላሊበላ ዓለት የሚመደበው ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። ዓለቱ ቀላ ያለ፣ በጋዝ አረፋ የተሞላ ባዛልት ነው። ቅልጡ ዓለት ከምድር ውስጥ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ጋዝ አምልጦ ወንፊት የመሰለ አካል ትቷል። ከዚያም በረጅም ዘመን ውኃ እየሰረገ አንዳንዶቹን ቀዳዳዎች እንደ ዚዮላይትና ካልሳይት ባሉ ማዕድናት ሞላቸው፤ የዓለቱንም የተወሰነ ክፍል ወደ ሸክላነት ለወጠው። ዓለቱን ለጥንት ጠራቢዎች መሮ የተመቸ ያደረገው ይህ ልስላሴ ነው። ዛሬ ለጉዳት የሚያጋልጠውም ይኸው ባሕርይ ነው።

እነዚህ ደቃቅ ቀዳዳዎች የሚሠሩት እንደ ኩራዝ ክር ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ ድንጋይም ከመሬት ውኃን ስቦ ወደ ላይ ያወጣል። ውኃው በድንጋዩ ገጽ ላይ ሲደርስ ይተናል። ስለዚህ የድንጋይ ግድግዳ በክረምት ውኃ ይጠጣል፤ በበጋ ይተነፍሰዋል። ይህን እስትንፋስ ያልተረዳ ጥገና ግድግዳውን ማፈኑ አይቀርም።

ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው

አበው «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» ይላሉ። በድንጋይ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ውኃ ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ይዞት የሚመጣው ይብሳል።

የመጀመሪያው ጨው ነው። ውኃው ከአፈር፣ ከግንባታ ዕቃዎችና ከአእዋፍ ኩስ ያሟሟውን ጨው ይዞ ወደ ድንጋዩ ይገባል። ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥም ክሪስታል እየሠራ ግድግዳቸውን ይገፋል። ከእነዚህ ሁሉ አደገኛ ከሆኑት አንዱ ሶዲየም ሰልፌት ነው። ደረቁ ጨው ከ10 የውኃ ሞለኪውሎች ጋር ተዋሕዶ እንደገና ክሪስታል ሲሠራ ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህ ሂደት ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ጠንካራው ድንጋይ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል።

ሁለተኛው ሸክላ ነው። ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የመረሬ መሬት በበጋ ለምን እንደሚሰነጣጠቅ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ባሕርይ ያውቀዋል። በዓለቱ ውስጥ ያለው ሸክላም በየክረምቱና በየበጋው ይህንኑ ስለሚያደርግ የድንጋዩ የላይኛው ክፍል ከውስጠኛው ይላቀቃል።

ሦስተኛዎቹ ሕይወት ያላቸው ናቸው። አልጌ እርጥበት ባለበት ሁሉ ይበቅላል። «የድንጋይ ሽበት» የምንለው ላይከን ደግሞ ክሮቹን ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰዳል፤ የሚያመነጨው አሲድም ማዕድናትን ያሟሟል። በስንጥቅ ውስጥ የወደቀች የሾላ ዘር ወደ ዛፍነት ስትለወጥ ሥሯ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ዓለት ይፈለቅቃል።

የሲሚንቶ ወጥመድ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዛሬ በየሕንፃው የምንጠቀምበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ግኝት ተሻሽሎ የደረሰበት ነው። ለድልድይና ለፎቅ ቤት ታላቅ በረከት ሆኗል። ቀዳዳ በበዛበት ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ ግን ሦስት ችግሮችን ያመጣል።

አንደኛ፣ ሲሚንቶ ግትር ነው። ድንጋይ በፀሐይ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ግትሩ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ጫና ይከማቻል። በመጨረሻ የሚሰበረው ደካማው ወገን ነው፤ ደካማው ደግሞ ድንጋዩ ነው። ሁለተኛ፣ ደንበኛው የሲሚንቶ ልስን ከድንጋዩ ያነሰ ውኃ ያሳልፋል። በልስኑ በኩል መትነን ያልቻለው ውኃ ዙሪያውን ባለው ድንጋይ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ጨዉም እዚያው ይከማቻል፤ ድንጋዩም እዚያው ይረግፋል። ሦስተኛ፣ ሲሚንቶው ራሱ የሚሟሙ የሶዲየምና የፖታሲየም ጨዎችን ይዞ ስለሚመጣ ለበሽታው ተጨማሪ ምንጭ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚታየው ትርኢት አሳዛኝ ነው። ልስኑ አለ፤ ድንጋዩ ግን ዙሪያውን ተበልቶ አልቋል። ሐኪሙ ተርፎ በሽተኛው ሞተ እንደ ማለት ነው።

ሳይንሱ የሚያስተምረን ደንብ እንግዲህ የዚህ ተቃራኒ ነው። የጥገናው ጥንካሬ ከድንጋዩ ጥንካሬ ያነሰ፣ ውኃ የማሳለፍ ችሎታው ደግሞ ከድንጋዩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ጫና ሲመጣ ጥገናው ይሰንጠቅ፤ ጨው ሲመጣ ጥገናው ይርገፍ። እርሱን ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። በ12ኛውና በ13ኛው ምዕተ ዓመት ጠራቢዎች መሮ የተቀረጸን ገጽ ግን ማንም ሊተካው አይችልም።

የኖራ ዑደት

ይህን ደንብ በሚገባ የሚፈጽም ዕቃ አባቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ እርሱም ኖራ ነው። የ17ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው።

የኖራ ኬሚስትሪ ክብ ጉዞ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከ100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ግራሙ በጋዝ መልክ ይወጣና 56 ግራም ያልበረደ ኖራ ይቀራል። በዚህ ላይ ውኃ ሲጨመር በኃይል ይፈላል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድም ይሆናል። ይህ ሊጥ የመሰለ ኖራ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ግድግዳ ላይ ሲደረግ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔትነት ይመለሳል። በሌላ አነጋገር እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ጉዞው ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል።

የኖራ ልስን ለስላሳና ተንፋሽ ነው። አነስተኛ ስንጥቅ ሲፈጠርበት በውስጡ የሚያልፈው ውኃ ጥቂት ኖራ አሟሙቶ በስንጥቁ ውስጥ መልሶ ስለሚያስቀምጠው ራሱን በመጠኑ ይጠግናል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ስለሚዋሐድ በእርጥበት ውስጥም ይጠነክራል። ሮማውያን በዚህ ዘዴ ወደቦችን ሠርተዋል። ዱቄቱ ከሚጠገነው ድንጋይ ዓይነት ከሆነ ቀለሙም ባሕርዩም ይስማማል።

የላሊበላ ትምህርት

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። የ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ጠራቢዎች የውኃን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር የሚመሰክሩት በዙሪያቸው የተቆፈሩት የውኃ መውረጃ ቦዮች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆዩ። እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ስላልተጠረጉ ውኃው ወደ ሕንፃዎቹ ሠረገ። ከዛሬው ጉዳት አብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት በቅን ልቦና የተደረጉ አንዳንድ ጥገናዎችም የራሳቸውን ጠባሳ ትተዋል። ውኃን ለመከላከል ተብሎ በአንዳንዶቹ ገጽ ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሬንጅ ዝናብን ቢመልስም በውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመሩት የጥገና ቡድን ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህን ሽፋን ከድንጋዩ ላይ ማንሣት ነበር። ጥገናን ለመጠገን የተደረገ ጥገና መሆኑ ነው።

ከ2007 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ሲተከሉ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ። ዝናብን መከላከላቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ክብደታቸውና በነፋስ መንቀጥቀጣቸው ስጋት ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማይቱ ነዋሪዎች ይህንኑ ስጋት አደባባይ ወጥተው አሰምተዋል። በሳይንሱም በኩል ጥያቄ አለ። ለዘመናት ሲረጥብና ሲደርቅ የኖረ፣ ሸክላ ያለበት ድንጋይ ያለማቋረጥ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ መኮማተሩ ሌላ ስንጥቅ ያመጣል ወይ የሚል ነው።

ሌላው አማራጭ ድንጋዩን ራሱን መጠገን ነው። የዓለም ቅርሶች ፈንድ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቀው ሥራ በዚህ አቅጣጫ የተሄደበት ነው። ሥራው ለአካባቢው ሰዎች የጥገና ሙያ ሥልጠናንም ይጨምር ነበር። እኛ ከሁሉ በላይ ዋጋ የምንሰጠው ለዚህ ሥልጠና ነው። ጥገና አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ሳይሆን በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ነውና።

ከአቴና እስከ አክሱም

ደንቡ ለለስላሳ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ሁለት የጠንካራ ድንጋይ ምሳሌዎችን እንጨምር።

በአቴና አክሮፖሊስ የጥንት ግሪኮች እብነ በረዶቹን በብረት ማያያዣ ሲያጋጥሙ በብረቱ ዙሪያ የቀለጠ እርሳስ ያፈሱ ነበር። እርሳሱ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ለስላሳ ስለሆነም እንቅስቃሴን ይቀበላል። ከ1898 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ጥገናውን የመሩት ኒኮላኦስ ባላኖስ ግን ብረቶቹን እንዲህ ያለ መከላከያ ሳያደርጉ ተከሉ። ብረት ሲዝግ ይዘቱ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው ኮሚቴ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እነዚህ ብረቶች እየወጡ በማይዝገው ታይታኒየም ተተክተዋል። የአዲሶቹ ማያያዣዎች መጠን የተሰላው የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ከእብነ በረዱ ቀድመው እንዲሸነፉ ተደርጎ ነው።

በአክሱም 24 ሜትር ያህል የሚረዝመውና ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው ሐውልት ከሮም በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ቁራጭ ተመልሶ በ2008 ዳግም ቆሟል። ሐውልቱ በሮም ሳለ በ2002 መብረቅ መትቶት ነበር። ቁራጮቹን እንደገና ለማያያዝ የተመረጡት የብረት ዘንጎች ሳይሆኑ አራሚድ ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ ዘንጎች ናቸው። እነዚህ አይዝጉም፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፉም።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

የተጎዳ ድንጋይ ሲጠገን ቅደም ተከተሉ ከዕቃው ምርጫ አያንስም። በመጀመሪያ ጉዳቱ በፎቶግራፍና በሥዕል ይመዘገባል። ቀጥሎ የውኃው መግቢያ ተፈልጎ ይዘጋል፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መጠገን ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ጽዳት ይከተላል። ለዚህ ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበቃሉ። የሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን ከመቧጨሩም በላይ የሚተወው የብረት ብናኝ ይዝጋል። በኃይል የሚረጭ ውኃ ደካማውን ገጽ ይዞት ይሄዳል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው የሚወጣው በንጹሕ ውኃ የራሰ የወረቀት ሊጥ ተለጥፎበት ሲደርቅ ነው፤ ሊጡ ውኃውን ሲስብ ጨዉም አብሮ ይወጣል።

ስንጥቁ ሲሞላ ድንጋዩ አስቀድሞ እንዲርስ ይደረጋል፤ አለበለዚያ የልስኑን ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል። ልስኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስስ ንብርብር ይገባል። ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከፀሐይ ይጠበቃል። በመጨረሻም አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ፣ ነገር ግን ቀርቦ ለሚመለከት ሰው ተለይቶ እንዲታወቅ ይደረጋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የደነገገው ነው።

በየቤታችን ያለውን እብነ በረድም ብንጠቅስ አይከፋም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲፈስበት የሚቀረው ደብዛዛ ምልክት ቆሻሻ ሳይሆን አሲድ የበላው ገጽ ነው። ስለዚህ በማጠብ አይለቅም። መፍትሔው ከሻካራ ወደ ለስላሳ በሚሄድ ማለስለሻ እንደገና መወልወል ነው፤ መከላከያው ደግሞ የፈሰሰውን ቶሎ መጥረግና በአሲድ አለማጽዳት ነው።

እናንተም ሞክሩት

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መፈተን ይቻላል። የእብነ በረድ፣ የጥቁር ድንጋይና ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቁራጮችን ሰብስቡ፤ ግን ከመንገድ ዳር እንጂ ከቅርስ ሥፍራ ፈጽሞ አታንሡ። በሚገባ አድርቃችሁ መዝኗቸው። ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ላያቸውን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኗቸው። 500 ግራም የነበረው ቁራጭ 550 ግራም ቢሆን ከክብደቱ 10 በመቶ የሚሆን ውኃ ጠጥቷል ማለት ነው። ከዚያም አንድ የሲሚንቶና አንድ የኖራ ልስን ቂጣ ሠርታችሁ ሲደርቁ በየላያቸው አንዲት የውኃ ጠብታ ጣሉ። ከሁለቱ የትኛው ጠብታዋን ቶሎ እንደሚጠጣ በሰዓት ለኩ። የትኛው ቂጣ ከየትኛው ድንጋይ ጋር ሊስማማ እንደሚችል ከውጤታችሁ ትፈርዳላችሁ።

ለማጠቃለል፣ ለድንጋይ ቅርሶቻችን የሚያስፈልገው እውቀት ውድ መሣሪያን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦይ የሚጠርግ ሰው፣ በስንጥቅ ውስጥ የበቀለችን ችግኝ ገና በለጋነቷ የሚነቅል እጅ፣ ያረጀውን የኖራ ሙሌት አውጥቶ በአዲስ የሚተካ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ነገ ከእናንተ መካከል ጂኦሎጂስት፣ ኬሚስት ወይም መሐንዲስ የሚሆነው በአንድ ጥንታዊ ግድግዳ ፊት ቆሞ ውሳኔ መስጠቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጠንካራውን ከመምረጡ በፊት «ጫናው ሲመጣ ቀድሞ የሚሰበረው የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህ ጽሑፍ የታለመለትን ግብ መትቷል እንላለን።